ከምክር ቤት ወደ ኬላ

«እኛ ፖሊስ አልመረጥንም» አልኩት። «ፖሊስማ ሳንመርጥህም ነበርክ።»

የእህቴ ባል አዋሽ ከተማ ባለው ቤታቸው፣ ሳሎን ውስጥ ቆሞ የደንብ ልብሱን ሸሚዝ ይቆልፋል። የድሮ ማዕረጉ ትከሻው ላይ ተመልሷል። እህቴ የሞቀውን ካውያ ይዛ በዓይኗ ዝም በል ትለኛለች። የሰመራውን የምክር ቤት ወንበር በገዛ ፈቃዱ ለቆ፣ የዚያን ዕለት ከሰዓት ኬላ ላይ ሥራ ሊጀምር ነበር።

እንዴት ዝም ልበል? በምርጫው ሰሞን ፒካፕ ላይ ቆሜ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ግጥም ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ከመልካ ወረር የጥጥ እርሻ ማዶ ያሉት አርብቶ አደሮች የመረጡት ለአንድ ነገር ነው፦ የመስኖው ቦይ እነሱም ጋ እንዲደርስ። ውሃው አጠገባቸው እያለፈ ከብቶቻቸው ይጠማሉ።

የለቀቀበትን ምክንያት ራሱ ነው የነገረን። ከሰመራ ሲመጣ መልካ ወረር መገንጠያው ላይ አንድ ሽማግሌ ያገኛል። አፋር አገር ሁለት ሰው ከተገናኘ ቆሞ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየውን፣ የሰማውን ሁሉ ይነግራል። ዜና መደበቅ ነውር ነው፣ ውሸት መጨመር ደግሞ ከዚያ የባሰ። ሽማግሌው የቦዩን ነገር ሲጠይቁት፣ በዝግ ስብሰባ ከዕቅድ መውጣቱን ነገራቸው። እሱ አዋሽ ሳይገባ ወሬው ቀድሞት ገባ፤ እኔ የሰማሁት ከሰፈራችን ወሎዬ ባለሱቅ ነው። ሰመራ ሲመለስ አንድ የምክር ቤቱ አለቃ ሰው ፊት «አንተ ተመራጭ ነህ ወይስ ሬዲዮ?» አለው። ከእንግዲህ የሚጠይቅህን ሁሉ «በጥናት ላይ ነው» በል ተባለ። እሱም ማመልከቻውን ጻፈ።

ይህን ስሰማ በአለቃውም በእሱም ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ ዋሽ ነው ያሉህ፤ ውጣ አላሉህም» አልኩት። «ወንበሩን ምን ብለህ ትለቅላቸዋለህ?»

ያኔ ዞሮ አየኝ። ኬላ ላይ ሾፌር መንገዱ ተዘግቷል ወይ ብሎ ሲጠይቀው ከተዘጋ ተዘግቷል እንደሚል፣ በጅቡቲው መንገድ ዲቾቶ ጋ መኪና ተገልብጦ ከሆነ ተገልብጧል እንደሚል፣ ለዚህ ማንም እንደማይቆጣው ነገረኝ።

«ሽማግሌው የጠየቁህ ስለ መንገድ ነው?»

«አንተ ገጣሚ» አለ፣ ቀበቶውን እያጠበቀ። «ለአንተ ቃል ቤት ከመታ በቂ ነው። እኔ የሰው ዓይን እያየሁ ነው የምናገረው።»

እህቴ «ሰመራ ሳለ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም ነበር፣ ተወው» አለችኝ። ወላሂ አዘንኩለት። ግን እንቅልፍ ማጣት የነበረበት ማን ነው? በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያፈረ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ የወጣውም እሱ። ያላፈሩት ተቀምጠዋል።

«እሺ፣ ነገ ሽማግሌው ኬላው ጋ መጥተው ዳጉ ቢሉህስ?» አልኩ። «የቦዩን ነገር የሚያነሳላችሁ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ የለም ትላቸዋለህ?»

ቆቡን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። አደረገው።

«እሱንም እነግራቸዋለሁ» አለና ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።