ድንጋይ ያልጫነ ተራ የለውም

ባለፈው ወር ልጄ አዲስ አበባ ወስዳኝ፣ ከመሬት በታች ወዳለው የባቡር ጣቢያ ስንወርድ፣ የሚቀጥለውን ባቡር የሚያስታውቅ የሴት ድምፅ ከግድግዳው ሲወጣ ሰማሁና ደረጃው ላይ ቆምኩ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። በጆሮዬ የመጣብኝ ግን የአባቴ የጎረነነ ጥሪ ነው፦ «ጎንደር! ጎንደር! አንድ ሰው የቀረው!» መኪናው ግማሹ ባዶ ቢሆንም ጥሪው ያው ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የሄዱ ሰዎች ድምፅ እንዲህ ሳላስበው ይመጣብኛል።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለች ልጄ።

«አያትሽ ሲጣራ ሰማሁት» አልኳት።

አባቴ የወረታ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ የፎገራ ገበሬ ሩዝ መዝራት እየለመደ የነበረበት ጊዜ ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሄደውና ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው መንገድ ከተማችን ላይ ስለሚገናኙ፣ ሰፈራችን የሚተዳደረው በመንገደኛ ነበር፤ እናቴ የመናኸሪያውን አጥር ተደግፋ ሻይ ትሸጥ ነበር፣ ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ ደግሞ ከሳሙና እስከ ጃንጥላ የሚገኝበት ሱቅ ነበራቸው።

በጋ ላይ መናኸሪያው አቧራ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ይሸፍንና፣ ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ ጎማ ይዞ አልለቅ ስለሚል አውቶቡሶቹ ዋናው መንገድ ላይ ቆመው ያራግፋሉ፣ መንገደኛው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በውሃው መሀል ያልፋል፣ የእናቴም ሻይ ጠጪ አጥቶ ይቀዘቅዛል። በአንዱ መስከረም ከማዘጋጃ ቤት አንድ ኃላፊ መጥተው፣ በሚመጣው ክረምት ውሃ ከገባ መናኸሪያው ወደ ላይኛው ሰፈር ይዛወራል ብለው ነገሩን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም።

በጋው ገብቶ ሩዙ ሲታጨድ፣ የሩዝ መፈተጊያዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ እየጮኹ የገለፈት ተራራ ይከምሩ ነበርና፣ ሐጂ ሰይድ «ይኸው በነፃ የመደልደያ አፈር!» አሉ። ሩዝ ለአገራችን አዲስ ስለነበረ የገለፈቱን ጠባይ የሚያውቅ አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ በጆንያ እየተሸከመ መናኸሪያውን ሞላው፣ ረገጥነው፣ ደለደልነው፤ ወርቅ የተነጠፈበት መሰለ።

ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስንወጣ ያ ሁሉ ገለፈት ከመሬቱ ተነሥቶ እየተንሳፈፈ ወደ ጣና አቅጣጫ ይሄድ ነበር።

«ሐጂ፣ መናኸሪያው ባሕር ዳር ሊሄድልዎ ነው፤ ተራ ያስይዙለት እንጂ!» አለች እናቴ፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት።

«ምን ተራ ያስፈልገዋል፣ ሳይከፍል ነው የተሳፈረው!» አሉ ሐጂ፣ የሱቃቸው ደፍ ላይ ቁጭ ብለው።

አባቴ አልሳቀም። ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነበር።

በማግስቱ ከደብረ ታቦር የመጣው የመጀመሪያው አውቶቡስ ለመመለሻው ተራ ሊይዝ ሲል፣ አባቴ በሾፌሩ በር በኩል ቆመ። ሜዳችን ድንጋይ አያበቅልም፤ ድንጋይ ያለው ያ መኪና በሚመጣበት በደጋው በኩል ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ከደጋ መጥቶ ድንጋይ ያልጫነ ተራ የለውም» አለው።

«ጋሽ አያሌው፣ እኔ ሾፌር ነኝ ወይስ ግንበኛ?»

«ክረምቱ እስኪገባ ግንበኛ ነህ።»

«ለአለቆችህ ተናግሬ አስባርርሃለሁ!»

«ተናገር። ስትመለስ ግን ድንጋይ ይዘህ ና።»

ሾፌሩ እየተሳደበ ያለ ተራው ጥቂት ሰው ለቃቅሞ ሄደ። ያን ዕለት እናቴ ምሳ አልበላችም፤ አባቴ ከሥራው ቢባረር የሻይዋም ነገር ያከትም ነበር። በሚቀጥለው ቀን ግን ያው አውቶቡስ በጣሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ ድንጋይ ደርድሮ ገባ። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ። መንገደኛውም ለመደና፣ አንዲት አሮጊት መንገዱ ላይ ካለችው ከዓለም በር ከተማ ድረስ ድንጋይ ጭናቸው ላይ ታቅፈው መጥተው፣ «እኔም ስመለስ የምረግጠው ነው» ብለው ለአባቴ አስረከቡት። ሐጂ ሰይድ ከቀትር በኋላ ሱቃቸውን እየዘጉ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከእኛ ጋር ድንጋዩን መናኸሪያው ላይ ይደረድሩ ነበር፤ «ይሄኛው አይንሳፈፍም» እያሉ።

ሐምሌ ላይ ርብ ከዳርቻው ወጣ። ሜዳው ባሕር ሆነ፣ ውሃው አጥራችንን ዞረ፣ ወደ ድንጋዩ ዳር መጣ፣ እዚያም ቆመ። ሁላችንም በዝናብ ተሰልፈን ስናይ፣ ያ የተሳደበው ሾፌር ጥሩምባውን እየነፋ፣ ጎማው ውሃ እየረጨ ወደ ውስጥ ገባና በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ግንበኛው መጣሁ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «ደብረ ታቦር! አንድ ሰው የቀረው!» አለ። የማዘጋጃ ቤቱም ኃላፊ ሱሪያቸውን ጠቅልለው መጥተው፣ የእናቴን ሻይ ጠጥተው፣ ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ «እዚሁ ይቆይ» አሉ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ባለቤቴ መምህር ሆኖ ወረታ ሲመደብ፣ ከአውቶቡስ የወረደው በክረምት፣ እዚያው ላይ ነው። «አገሩ ሁሉ ውሃ ሆኖ እዚህ እንዴት ደረቀ?» ብሎ ጠየቀኝ። የመጀመሪያው ወጋችን ይህ ነበር። እስኪሞት ድረስም ለእንግዳ ሲያስተዋውቀኝ «የመናኸሪያው ልጅ» ይለኝ ነበር።

ያ የአዲስ አበባ ጣቢያ ንጹሕ ነው፣ መብራቱ ቀን ያስመስለዋል። ባቡሩ መጥቶ ገብተን በሩ ሲዘጋ፣ አንዲት ሴት ደረጃውን እየሮጠች ስትወርድ አየሁ። ጥሏት ሄደ። አባቴ ቢሆን ያቆይላት ነበር።

የእኛ መናኸሪያ ዛሬ አስፋልት ለብሷል፤ ድንጋዮቻችን ከሥሩ ስለሆኑ የሚያያቸው የለም። ልጄ ግን ባቡሩ ውስጥ ስለነገርኳት አሁን ታውቃለች። ሐምሌ ሲገባ ወደ አጥሩ ሄጄ እቆማለሁ፤ ውሃውም እንደ ድሮው እዳሩ ድረስ መጥቶ ይቆማል።