የአቶ ሂንድሪክ የቅርብ ጎረቤት

አልትየን በየማለዳው የጎማ ጓንቷን ታጠልቅና ከአቶ ሂንድሪክ ፊት ተንበርክካ ጠባቡን የሕክምና ካልሲ ከእግራቸው ጣት እስከ ጉልበታቸው ድረስ ትስበዋለች። አቶ ሂንድሪክ ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ጎንበስ ብለው ራሳቸው ሊያጠልቁት አይችሉም። ካላደረጉት ደግሞ እግራቸው ያብጣል፣ ከዚያም ይቆስላል። ብቻቸውን በቤታቸው መኖር የቻሉት በዚህ ካልሲ ነው።

ነበር ማለት ይሻላል፤ ይህ እስካለፈው መኸር የነበረው ነው።

አልትየን በኔዘርላንድ፣ ድሬንተ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ የእኛን መንደር ጨምሮ በአምስት መንደሮች የምትዞር ነርስ ናት። ቤቶቹን የምታውቃቸው በየቤቱ ባላት ሥራ ነበር፤ እዚህ እግር፣ እዚያ ቁስል፣ ከዚያ ወዲያ የዓይን ጠብታ። በመኸር መሥሪያ ቤቷ ዝዎለ ከተማ ለሥልጠና ላካት። ትምህርቱ ነዋሪዎች እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ስለ ማድረግ ነበር። አሠልጣኙ የአንድ ታማሚ ቤት ሥዕል አሥሎ፣ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ምን ምን እንደሚችሉ ጻፉ አለ። አልትየን የሁሉንም ስም ጻፈች። ከስማቸው ጎን ልትጽፍ የቻለችው ግን ሕመማቸውን ብቻ ነበር። እዚሁ ተወልዳ ማደጓ ይበልጥ አሳፈራት።

ስትመለስ አሠራሯን ለወጠች። ሥራዋን ጨርሳ ወዲያው መውጣት ትታ ትቀመጥና ማን እንደሚጠይቃቸው፣ ምን መሥራት እንደሚወዱ ሰዎችን ታወያይ ጀመር። በመንደሩ አዳራሽ ሰው ሰብስባ፣ «አቶ ሂንድሪክን ጠዋትና ማታ ማን ሊረዳ ይችላል?» ስትል ጡረታ የወጣችው መምህርት ሩልፊን እጇን አወጣች። ሰው አጨበጨበ።

ሩልፊን ካልሲ ማጥለቁን ቶሎ ለመደች። አቶ ሂንድሪክ እሷ ከመምጣቷ በፊት ጢማቸውን መላጨት ጀመሩ። አልትየን ደስ ብሏት ለአለቃዋ ነገረቻት። አለቃዋም ደስ አላትና አቶ ሂንድሪክን ነርስ ከሚጎበኛቸው ሰዎች ዝርዝር አወጣቻቸው። «ጎረቤት እየሠራው እኛ ለምን እንሄዳለን? ተራ የሚጠብቅ ስንት ሰው አለ።»

በየካቲት ሩልፊን በረዶ ላይ ከብስክሌት ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። መሥሪያ ቤቱ ቢጠየቅ እስከ በጋ ነርስ የለም አለ። አልትየን ጥቂት ቀን ከሥራ በፊት በራሷ ጊዜ እየሄደች አጠለቀችላቸው፤ አለቃዋ ሰምታ ከለከለቻት። ያን ጊዜ ነው በረንት ዘንድ የሄደችው።

በረንት የአቶ ሂንድሪክ አጥር ተጋሪ ነው። በመንደራችን ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው አጥር የሚጋራው ጎረቤት ነው፤ እሱ ሳይጠየቅ ሌላ ሰው አይጠየቅም። አልትየን ይህን ታውቃለች። የቀረ ነገር መስሏት ነበር።

በረንት የላም ማለቢያውን ቱቦ እያጠበ ነበር። እሱና አልትየን ልጆች ሳሉ አንድ ክፍል ተምረዋል።

«ምነው፣ ታምሜያለሁ ብዬ አልደወልኩም።»

«ለአቶ ሂንድሪክ ነው የመጣሁት።»

«ሩልፊን አለችላቸው አይደል?»

«እጇ ተሰብሯል። ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ። እሷ ስትሰበር እኔ ትዝ አልኩሽ።»

«ላሞቹ ፋታ አይሰጡህም ብዬ እኮ ነው።»

«አባቴ የሞተ ጊዜ አስከሬኑን ያጠቡት ሂንድሪክ ናቸው። እሳቸው ያኔ ላም አልነበራቸውም?» ቱቦውን አራገፈ። «ዝዎለ ድረስ ሄደሽ ጎረቤት የሚባል ነገር ፈልስፈሽ መጣሽ አሉ። እንኳን ደስ ያለሽ።»

«ተሳስቻለሁ፣ በረንት።»

«ተሳስተሻል።»

«ታዲያ ትመጣለህ?»

«እሳቸው ራሳቸው ይጥሩኝ። በመስኮት እያዩኝ ነው የከረሙት።»

ለአቶ ሂንድሪክ ነገረቻቸውና ስልኩን አቀበለቻቸው። ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ክረምቱን ሙሉ ሌላ ሰው እግሬን ሲይዝ ዝም ብያለሁ። አሁን በምን ፊቴ ነው የምጠራው?»

«እሱ እኮ መምጣት ይፈልጋል።»

«እኔም እንዲመጣ እፈልግ ነበር። አንቺ ሩልፊንን ይዘሽልኝ ስትመጪ አላልኩም እንጂ።»

አልደወሉም። በረንትም አልመጣም። በመጋቢት የግራ እግራቸው ቆሰለ፤ በሚያዝያ ሆስፒታል ገቡ፤ ሐኪሙም ብቻቸውን ወደሚኖሩበት ቤት አልመልሳቸውም አለ።

አልትየን አሁንም በየቤቱ ትቀመጣለች፤ እንደ ድሮው ሥራዋን ብቻ ሠርታ መውጣት አልሆነላትም። በአዲሶቹ ቤቶች አጥር የሚጋራችሁ ማን ነው ብላ ስትጠይቅ አብዛኞቹ ስሙን እንኳ አያውቁም። በአሮጌዎቹ ቤቶች ስሙን ያውቃሉ፤ ጠርተውት ያውቁ እንደሆነ ስትጠይቅ ግን ወሬ ይቀይራሉ። በስብሰባ ላይ አለቃዋ የሂንድሪክን ነገር አሁንም እንደ ጥሩ ምሳሌ ታነሳዋለች። አልትየን አታርማትም።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ሂንድሪክን ሆኽፌን ከተማ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ የሚወስድ መኪና ይመጣል፤ ቤቱ በሰኔ ለሽያጭ ይቀርባል።