ስምንት ሰው የሚፈልገው ድምፅ ማጉያ

ልጄ ባለፈው ሰሞን ከመሥሪያ ቤቱ አንዲት ጥቁር ሳጥን ይዞ መጣ። ላፕቶፑን በአንድ ገመድ ከእሷ ጋር አገናኘ፤ ሁለቱን ስክሪኖች፣ ኪቦርዱን፣ ማውሱንና ድምፅ ማጉያውን እሷው ላይ ሰካክቶ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «አለቀ እኮ እማዬ» አለኝ። «ብቻህን ነው የሰካኸው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ስንት ሰው ይፈልጋል ብለሽ ነው?» «ስምንት» አልኩት። የምቀልድ መስሎት ሳቀና ወደ ሥራው ዞረ። እሱ ካልሰማኝ እናንተ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ነቀምት ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ የጸሎት ቤታችን መዘምራን መሪ ነበር። ጸሎት ቤቱ ሲዘጋ አዳራሹ ለቀበሌ ተሰጠ፤ አባቴ ደግሞ ከገበያው ማዶ ባለው ፖሊስ ጣቢያ ታሰረ። እሑድ እሑድ ስንቅ ይዤ ስሄድ፣ ዘቡ አጠገባችን ቆሞ እየሰማ፣ በአጥሩ በኩል ትንሽ እንነጋገራለን። አባቴ ስለ ራሱ ምንም አይልም። የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጆቹስ? ይገናኛሉ?» ልጆቹ የሚላቸው መዘምራኑን ነው፤ ግማሾቹ የልጅ አባት ናቸው። «ደኅና ናቸው» እላለሁ። ፊቴን ያይና ስንቁን ተቀብሎኝ ይመለሳል። እውነቱን ለመናገር፣ ከአምስት በላይ ሆኖ መቆም ስለሚያስጠይቅ መንገድ ላይ ስንተያይ እንኳ በኦሮምኛ «አካም» ብለን ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠን በየፊናችን ነበር የምንሄደው። አባቴ እስሩን ይችለዋል፤ መዘምራኑ ተበተኑ ብሎ ካመነ ግን እንደማይችለው አውቅ ነበር። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ንግግር ግን ነፍሱ ነው። ከጸሎት ቤቱ የተወረሰውን ዕቃ ከመጋዘን አስወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮታል። አምፕሊፋየር፣ ሁለት ስፒከር፣ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ጡሩምባ፣ ማይክራፎንና ቴፕ ነበር። ገመዱ በሙሉ አንድ የቡና ጆንያ ውስጥ ታጭቆ የዶሮ አንጀት መስሏል። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የቀበሌው ጥበቃዎች ሊያገጣጥሙት ሞክረው ነበር። ማይክራፎኑን ከስፒከሩ ፊት ለፊት አቁመውት ኖሮ፣ ዕቃው እየጮኸ የሠፈሩን ውሻ ሁሉ አስነሥቶባቸዋል።

«ጓድ መምህርት፣ የአባትሽ ዕቃ እምቢ አለን» አለኝ።

«አባቴም ብቻውን አልነበረም የሚያስነሣው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት። አባቴ ብቻውን፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ነበር የሚያስነሣው።

«ስንት ሆነው ነው?»

«ስምንት። እያንዳንዱ ገመድ የለመደው ሰው አለው።»

በጥርጣሬ አየኝ። «ገመድ ደግሞ ሰው ይለምዳል?»

«የስፌት መኪናዎስ ሌላ ሰው ሲነዳት እሺ ትላለች?»

እዚህ ላይ ያዝኩት። ጢሙን እያሻሸ አሰበ፣ አሰበና «እውነትሽን ነው። የእኔዋ ባለቤቴ ከነካቻት ክር ትበጥሳለች» አለ። «ቶሌ፣ እሺ፣ ጥሪያቸው።»

እንዲህ ሆኖ መዘምራኑ በቀበሌ ትእዛዝ፣ በገዛ አዳራሻቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ መሰብሰብ ጀመሩ። ከአራቱም ድምፅ ሰው እንዳይጎድል፣ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ፣ ሁለት ሶፕራኖ፣ ሁለት አልቶ፣ ሁለት ቴኖር፣ ሁለት ባስ አድርጌ ነበር የመረጥኳቸው፤ እኔም ከአልቶዎቹ አንዷ ነበርኩ። ሥራ አለ አልን እንጂ የእያንዳንዳችን ሥራ ምን እንደሆነ አላሰብንበትም። ሊቀመንበሩ በሁለተኛው ቅዳሜ ሳናስበው ከተፍ ሲል፣ ሶፕራኖዋ ነርስ አምፕሊፋየሩን በእጇ ጀርባ ትዳብሰዋለች።

«አንቺ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ትኩሳቱን እያየሁ ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ። ነርስነቷን ስለሚያውቅ አመነ።

አንዱ ቴኖር ገመድ ይዞ ቆሟል፤ «መሬት እንዳይነካ ነው» አለ። ሌላው በሩ ጋ ሄዶ ጆሮውን አሹሎ ነበር፤ እሱ የሩቅ አዳማጭ ነው። ትልቁ ባስ አናጢ ነው፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ የሚያለቅስለት ሰውዬ፤ ያን ዕለት ስፒከሩ ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች የመሰለ ነገር ይበላል። ሊቀመንበሩ ፊት ለፊቱ ቆመ። አናጢው በእርጋታ ዋጠና፣ «እኔ ክብደት ነኝ። ሲጮኽ እንዳይዘል» አለ። ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ረክቶ ወጣ፤ እንዲህ የተደራጀ ሥራ አይቶ አያውቅም ነበር።

ጥሎብኝ አንዴ የጀመርኩትን ውሸት ማሳመር እወዳለሁ። ገመድ ተሰክቶ ካደረ ይቃጠላል አልኩ። ስለዚህ ማታ እንነቅለዋለን፣ በሳምንቱ ከሥሩ እንጀምረዋለን። በመካከሉ በሩ ገርበብ ይልና፣ የሩቅ አዳማጩ ውጭውን እየጠበቀ፣ አፋችንን ገጥመን እናንጎራጉራለን። ለእኛ በቂ ነበር። ከአባቴ ጆሮ ግን አይደርስም። እሑድ ሄጄ «ይገናኛሉ» ስለው፣ ሳያምነኝ «ጎበዝ» ብሎኝ ይመለሳል። ያ «ጎበዝ» ከስድብ ይልቅ ያመኝ ነበር።

ጡሩምባው ጣሪያ ላይ የሚሰቀልበት ቀን ደረሰ። ሊቀመንበሩ ወደ ሱቆቹ ይዙር አለ። ወደ ሱቆቹ ከዞረ ፖሊስ ጣቢያው ምንም አይሰማም። «የሱቆቹ ቆርቆሮ ድምፁን መልሶ ያመጣዋል፣ ንግግርዎን ሁለቴ ነው የሚሰሙት» አልኩት።

«ታዲያ ወዴት ይዙር?»

«እኔ እንጃ። ወደ ጣቢያው በኩል ክፍት ነው፤ ግን እዚያ ያሉት እስረኞች ናቸው።»

ሊቀመንበሩ ቀና አለ። «እስረኛስ መንቃት የለበትም? እነሱ ናቸው በተለይ መንቃት ያለባቸው። አዙሩት!» አናጢው ክብደትነቱን ትቶ በመሰላል ወጣና ጡሩምባውን ወደ ጣቢያው አዞረው። መዶሻው ከሚገባው በላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ ማንም መልሶ እንዳያዞረው ነው።

የቀረው የድምፅ ሙከራ ነው። በድምፅ ሙከራ ላይ ምን እንደሚባል አገር ያውቃል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሙከራ። ከዚያ ውጭ አንዲት ቃል ብናስገባ ስምንታችንም ከአባቴ ጎን ነው የምናድረው። ቅዳሜ፣ ገበያው ጥቅጥቅ ባለበት ሰዓት፣ ሁሉም ገመድ ቦታውን ያዘ። ነርሷ ትኩሳቱን አየች። እኔ ማብሪያውን ተጫንኩ። ከዚያም አባቴ ከሁሉ አብልጦ በሚወደው መዝሙር ዜማ፣ በአራት ድምፅ፣ ቀስ ብለን ጀመርን። «አንድ።» ባሶቹ ከሥር ገቡ። «ሁለት።» ሶፕራኖዎቹ ወጡ። «ሦስት፣ ሙከራ።» ከቁጥር በቀር ምንም አላልንም። መጨረሻው ላይ «ሙከራ» የሚለውን አሜን እንደሚባለው አስረዝመን አወረድነው። 

ውጭ ገበያው ጸጥ ብሏል። ሊቀመንበሩ እየሮጠ ገባ። «ሙከራ እንዲህ ይዘፈናል እንዴ?»

«ቀጭኑም ወፍራሙም ድምፅ ለየብቻ መፈተሽ አለበት፣ ጓድ ሊቀመንበር። የእርስዎ ድምፅ የትኛው እንደሆነ አናውቅም።»

ያ ትንሽ አስደሰተው፤ ሆኖም ልቡ አላረፈም፣ እኔን አስከትሎ ገበያ ወረደ። የእኛን እምነት የማይከተለው ጉራጌ ባለሱቅ፣ ሜትሩ አንዲት ሴትዮ የምትገዛው ጨርቅ ላይ እንደተዘረጋ ቆሟል። «ምን ሰማህ?» አለው። «ሙከራ ነዋ። ብዙ ሙከራ ሰምቻለሁ፣ እንደዚህ ጥርት ያለ ግን አልገጠመኝም» አለና መለካቱን ቀጠለ። ወረድ ብሎ አንዲት በቆሎ የምትሸጥ አሮጊት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። «ሃርሜ፣ እናቴ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አላት። «ሽንኩርቱ ነው ልጄ» አለችው። ሽንኩርት የሚባል ነገር ባካባቢው አልነበረም። ሊቀመንበሩ በቆሎውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያም ኮቱን አስተካክሎ ሄደ።

በማግስቱ ስንቅ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ዘቡ ሳህኑን ከፍቶ፣ እንጀራውን እየገለጠ ሲፈትሽ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ዜማውን ለየሁት፤ የእኛው ነበር።

አባቴ ወደ አጥሩ መጣ። ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። ስለ እናቴ ጤና ጠየቀኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትናንት የተሰማው የቀበሌው ዕቃ ነው?»

«አዎ አባ። ድምፅ ሲሞከር ነው።»

«ብዙ ሰው ነበረ?»

«ስምንት። ሁሉም ነበሩ።»

በሁለት እጁ የአጥሩን እንጨት ያዘ። ፊቱን ላለማየት ጫማዬን አየሁ። «ቴኖሮቹ» አለ በመጨረሻ፣ ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ «ሦስት ላይ ይቸኩላሉ።»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። እሱ ግን ወዲያው ቀና ብሎ፣ ለዘቡ በሚሰማ ድምፅ፣ እንደ ድሮው መዘምራኑን ሲቆጣ በሚያወጣው ድምፅ ተናገረ። «ለሊቀመንበሩ ንገሪያቸው፤ እዚህ በደንብ አልተሰማም። ይደገም።»

ዘቡ የስንቁን ሳህን ከደነና ወደ ገበያው እያየ፣ «እውነቱን ነው። እኔም ምንም አልሰማሁም» አለ።

መልእክቱን አደረስኩ። ሊቀመንበሩም «ቶሌ፣ እስኪሰማ ድረስ ድገሙት» አለ። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት እዚያው ታስሮ ቆየ። ሁለቱንም ክረምት፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ያ ዕቃ አልስተካከል ብሎ አስቸገረን።