የሚልካ ሠላሳ ቀን

ሚልካ ኢንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ ስትተይብ ትውላለች። ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ሥራም ነበራት። ሊኑክስ በሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የአዊኛ ፊደላትን የያዘውን ፓኬጅ፣ ማለትም የፕሮግራም ጥቅል፣ በየጊዜው እያደሰች የምትጠብቀው እሷ ናት። ደመወዝ የለው፣ ምስጋና የለው፤ ስሟ የሚነሳው ሲበላሽ ብቻ ነው።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ድርጅት ለከተማው አርባ ኮምፒውተር አመጣለሁ፣ የመምህር አስቻለውንም መጽሐፍ በእነሱ አስተይቤ አሳትማለሁ አለ። መምህሩ ሚልካን ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ እየዞሩ የሣሩንና የዛፉን ስም በአዊኛ ሲለቅሙ አሥራ አንድ ደብተር ሞልተዋል። ድርጅቱ ግን ከአዲሱ የሊኑክስ እትም ውጭ ምንም ነገር አልጭንም ብሏል፤ የሚልካ ፓኬጅ እዚያ ውስጥ ካልገባ መጽሐፉ አይተየብም።

በዚያው ሰሞን የፓኬጆቹ የበላይ የሆኑት ሄንሪክ የሚባሉ ፈረንጅ ሁሉም በሚያነበው መድረክ ላይ ጻፉላት፦ “ፓኬጁ አርጅቷል። ትተሽዋል መሰለኝ። በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠሽ ከአዲሱ እትም ይሰረዛል።”

ፊቷ ጋለ። ጥገናውን እኮ ጨርሳዋለች! የቀራት መላክ ብቻ ነበር። ደብዳቤውን ይዛ መምህሯ ዘንድ ሄደች።

“ዕድሜያቸው ስንት ነው?” አሉ።

“ሽበታም ናቸው፣ ጋሼ። ፎቷቸውን አይቻለሁ።”

“ታዲያ በተቆጡበት ሰዓት ትመልሺላቸዋለሽ? አሁን ሥራውን ብትልኪው ተሳስተዋል ብሎ በሰው ፊት ማሳፈር ነው። ይብረድላቸው። ከዚያ እኔው ሽማግሌ ሆኜ እጽፍላቸዋለሁ።”

ሠላሳ ቀን የተባለውን ሁለቱም ንዴት የወለደው ቃል አድርገው ወሰዱት። ሚልካ ያለቀ ሥራዋን ታቅፋ ቁጣው እስኪበርድ ጠበቀች።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን የመምህሩን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ልትልክ ተቀመጠች። ከቤተሰብ ደህንነት ይጀምራል፤ ስለ ዝናቡም ይጠይቃል። ኢሜይሏን ስትከፍት ግን አንድ መስመር ቀድሟታል፦ “ጠባቂዋ መልስ ስላልሰጠች ፓኬጁ ከእትሙ ተሰርዟል።” ቁጣ የሚባል የለበትም። ለካ ሰውዬው መጀመሪያውኑም አልተቆጡም ነበር!

ወዲያው ጥገናውን ላከች። በማግስቱ መለሱላት፦ “ጥሩ ሥራ ነው። እትሙ ግን ትናንት ተዘጋ፤ ቀጣዩ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ለምን ቀድመሽ አልላክሽም?”

ኮምፒውተሮቹ መጡ። የመምህሩ የመጀመሪያ ገጽ ሲከፈት ግማሹ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ድርጅቱ ተራውን ለሌላ መጽሐፍ ሰጠ። መምህሩ ደብተሮቻቸውን ፌስታል ውስጥ መልሰው ባጃጅ ውስጥ ገቡ፤ ሚልካም አጠገባቸው ተቀመጠች።

“ጋሼ፣ ይቆጡኝ እንጂ” አለች እያለቀሰች።

ባጃጁ ደጃቸው ደረሰ። ሲወርዱ፣ “ሰውዬው ለምን ቀድመሽ አልላክሽም ላሉሽ ምን መለስሽላቸው?” አሉ።

“ምንም።”

“ጻፊላቸው እንጂ። አስተማሪዬ ከለከለኝ በያቸው።”

ሚልካ እሺ አለች። ግን እስከ ዛሬ አልጻፈችም። መምህሯን በሰው ፊት እንዴት አድርጋ ታሳፍር?