ጭልሞ በክራንች

ቅዳሜ ጠዋት፣ አምቦ

በመስከረም መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአምቦ መናኸሪያ ስነሳ ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ሳልወድ በግድ አካውንታንት እንዳልሆን። ጅቡቲ ተወልጄ ያደግሁ፣ አማርኛን ከድሬዳዋ ከሄዱ ወላጆቼ የለመድኩ፣ ዛፍ ብርቅ ከሆነበት አገር ተነስቼ ደን ለመማር አምቦ ድረስ የመጣሁ ተማሪ ነኝ። ግራ እግሬ በልጅነት ሕመም ቀጥኖ ቀርቷል፤ የምሄደው በክራንች ነው።

የምማርበት ኮሌጅ ከውጭ አገር የመጣን ተማሪዎችን ለቅዳሜና እሁድ የአካባቢው ቤተሰብ ጋ ያሳድረናል። የደን ተማሪ ሲሆን ደግሞ የሚያድረው ጫካ ዳር ካለ ገበሬ ቤት ነው። አስተባባሪያችን ቢሮው ጠርቶ፣ «አንቺ እዚሁ ከተማ ብታድሪ አይሻልም?» አለኝ። አይሻልም አልኩት።

«እንግዲያው ሂጂ። ጫካ ገብተሽ መመለስ ካቃተሽ ግን በሚቀጥለው ሴሚስተር ወደ አካውንቲንግ እናዛውርሻለን። ለራስሽ ብለን ነው።»

«ለራስሽ ብለን» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል።

ጊንጪ

የሚኒባሱ ረዳት ክራንቼን አይቶ ጋቢና አስገባኝ። እዚህ ላይ አልተከራከርኩም፤ ጋቢና ማን ይጠላል? መንገዱ ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፤ አልፎ አልፎ ቢጫ የኑግ ማሳ ብቅ ይላል። ጊንጪ ስንቆም የተጠበሰ በቆሎ የያዙ ሴቶች መስኮቱን ወረሩት፤ አንዱን በሃያ ብር ገዛሁና እየበላሁ ጋሪ ፍለጋ ወረድኩ።

ባለጋሪው ወደ ጭልሞ ጫካ ዳር የሚወስደኝ በመቶ ሃምሳ ብር መሆኑን ነግሮኝ፣ «ክራንቹም ቦታ ይይዛል» ሲል ጨመረበት።

«ታዲያ ክራንቹን ጭነህ ሂድ፤ እኔ በእግሬ እከተልሃለሁ» አልኩት። ሳቀና መቶ ብር ተስማማን።

ጭልሞ፣ ከሰዓት በፊት

አስተናጋጄ ኦቦ ደቻሳ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ ገበሬ ናቸው። «አሻማ! አካም?» ብለው ሰላም አሉኝ። የማውቃትን ያህል በኦሮምኛ «ነጋ» አልኩ፤ ሰላም ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአማርኛቸው ሆነ፤ አማርኛቸው ደግሞ ከእኔው ይሻላል።

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በር ላይ በርጩማ አዘጋጅተው፣ ጋቢ አጣጥፈው ደልድለውበታል። «ታኢ፣ ታኢ» አሉኝ፤ ቁጭ በይ ማለታቸው ነው። ባቄላ ልፈልፍል ብል ታኢ፣ ሳህን ላቀብል ብል ታኢ። እንግዳ እቤታቸው ደከመ ከተባለ ሰው ፊት መቆም ያፍራሉ። ይገባኛል። ግን ክብርም ሲበዛ እንደ ገመድ ያስራል።

ምሳ ጩምቦ ነበር፤ ወፍራም የጤፍ ቂጣ፣ ላዩ ላይ ቅቤና እርጎ የፈሰሰበት። ኦቦ ደቻሳ ከመብላታችን በፊት ጸለዩ፤ ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለልጆቻቸው፣ በመጨረሻም «እንግዳችን እንዳትደክም» ብለው። የመጨረሻዋ ላይ አሜን አላልኩም።

«ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፈረስ እጭንልሽና ጫካውን ዳር ዳሩን ታይዋለሽ» አሉኝ።

«ዛሬ ነው የምገባው። በእግሬ።»

አዴ ጫልቱ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው፣ «በየትኛው እግርሽ?» አሉኝ።

«በሦስቱም» አልኳቸው። ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ እኔም እንደዚያው።

ጫካው

መንገዱ ዳገት ነው። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው ተራ በተራ እየወፈረ ይመጣል፤ ከላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ኦቦ ደቻሳ ትንሽ ሄደው ይቀመጣሉ፤ ትንሽ ሄደው ደግሞ «እንረፍ» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ለዕድሜያቸው አዘንኩ። ኋላ ሳያቸው ትንፋሻቸው እንኳ ከፍ አላለም።

«ኦቦ ደቻሳ፣ እውነት ደክሞዎት ነው?»

መዋሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። «አልደከመኝም። ለአንቺ ብዬ ነው» አሉ።

«እንግዲያው አይቀመጡ። ብወድቅም አያንሱኝ፤ በራሴ መመለስ ካቃተኝ ኮሌጁ ወደ አካውንቲንግ ያዛውረኛል።»

«ወድቀሽ ቆሜ ልይሽ? ነውር ነው እኮ ልጄ!»

«ነውሩን እኔ እወስደዋለሁ።»

ሳይዋጥላቸው ቀድመውኝ ሄዱ። ትልቅ ከሚሉት ዝግባ ስር ስንደርስ እጄ ደንዝዞ፣ ብብቴ ተልጦ ነበር። ግንዱን ነካሁት። ተራራ ያፈረስኩ ያህል ደስ አለኝና ጮህኩ።

ስንመለስ ዝናቡ ያዘን። ከጫካው ወጥተን ጥቁር አፈር ላይ ስንደርስ ክራንቼ ጭቃው ውስጥ ሰመጠና በጎኔ ተዘረጋሁ። ኦቦ ደቻሳ «ወይኔ!» ብለው ሮጡ፤ አጠገቤ ሲደርሱ ግን ቆሙና እጃቸውን ወደኋላ አጣመሩ። ፊታቸውን ብታዩት ከእኔ ይልቅ የሚያሳዝኑት እሳቸው ናቸው። ተገለበጥኩ፣ በጉልበቴ ቆምኩ፣ ክራንቼን ነቀልኩና ተነሳሁ። «ኢሾ!» አሉ፤ ጎበዝ ማለት ነው።

ጥቂት እንደሄድን እሳቸውን አዳለጣቸውና በጀርባቸው ተንጋለሉ። ክራንቼን ዘረጋሁላቸው። ጫፉን ይዘው እየተነሱ፣ «እኔ አታንሺኝ አላልኩም» ብለው ሳቁ።

እሁድ ጠዋት

ቁርስ ላይ አስተባባሪው ኦቦ ደቻሳ ጋ ደወለ። ኦቦ ደቻሳ ስልክ የሚያወሩት ድምፁን ለቀው፣ ከጆሯቸው አርቀው ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ።

«ጫካ ገባች?»

«ገባች። ወጣችም።»

«ወድቃለች ወይ?»

እኚህ ሰው እንደማይዋሹ አውቃለሁ። ትናንት የወደድኩላቸውን ነገር አሁን ጠላሁት።

«ወድቃለች» አሉ።

«ብያለሁ እኮ!» አለ አስተባባሪው።

«ቆይ መምህር፣ አልጨረስኩም። እኔም ወድቄያለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው። ያነሳችኝ እሷ ናት። አሁን እኔን ወዴት ልታዛውሩኝ ነው?»

አዴ ጫልቱ ሻይ ጨመሩልኝ።

አምቦ

እሁድ ማታ የትናንቱ ጭቃ ክራንቼ ላይ እንደደረቀ ዶርሜ ገባሁ። እስከዛሬ ከሰው ጋር የምከራከረው «አልወድቅም» እያልኩ ነበር። ክርክሩን የምሸነፈውም ለዚያ ነው፤ አንድ ቀን እወድቃለሁና። ጭልሞ የተማርኩት ሁለት እግር ያለውም በዚያ ጭቃ እንደሚወድቅና እሱን ግን ማንም ከትምህርቱ እንደማያነሳው ነው።

ሰኞ አስተባባሪው ኮሪደር ላይ አገኘኝ። ለመሸነፍ የተዘጋጀ ፊት አልነበረውም። «የሚቀጥለው የመስክ ጉዞ ካቺሲ ነው» አለኝ። «መንገዱ ከጭልሞ ይብሳል። ትወድቂያለሽ።»

«አዎ፣ እወድቃለሁ» አልኩት። «ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?»