ልሞት ነው ብዬ የተናዘዝኩበት እብጠት

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ለልጄ ስለ ጡቷ እብጠት ሲያስረዳት አጠገቧ ነበርኩ። «እያንዳንዷ ሕዋስ ቁሚ ስትባል መቆም አለባት» አላት። «አልቆምም ብላ የምትባዛ ስትገኝ የሰውነት ጠባቂዎች ይገድሏታል። ካንሰር ግን አንዳንዴ የቤት ልጅ መስሎ ያልፋቸዋል።» ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ይህ ግን ገባኝ። «የቤት ልጅ» ሲል ግን የልጅነቴ ነገር ትዝ ብሎኝ፣ ፈርቼም ሳለ ሳቅ አመለጠኝ። ልጄ በክርኗ ጎሸመችኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ብስራተ ገብርኤል ሰፈር። ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጭቃው ገና ጫማ እየነጠቀ፣ የበቆሎ እሸት ሽታ መንገዱን ሞልቶት ሳለ፣ ብብቴ ሥር ሎሚ የሚያህል ነገር አበጠ። አንዲት የሰፈራችን ሴት በእብጠት ጀምሯት መሞቷን ሰምቼ ነበርና፣ አለቀልኝ አልኩ። ለእናቴ እንኳ ሳልናገር ጎረቤታችን እማማ አስካለ ዘንድ ሮጥኩ።

«እማማ፣ ልሞት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ያን ከቤትዎ የጠፋውን ቋንጣ የበላሁት እኔ ነኝ።»

እንደ ቤት ልጅ ስለምገባ የጠረጠረኝ አልነበረም። የተፈረደባት ድመታቸው ናት፤ በጆንያ ታስራ ፉሪ ተወስዳ ተጣለች።

እማማ አስካለ አለቀሱ። «ይቅር ብዬሻለሁ፣ የኔ ልጅ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ፤ እሸትም ጠብሰው ሰጡኝ። ሊሞት ለተቃረበ ሰው ደህና አድርጌ በላሁ። ከዚያ እጄን ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

ቁስል አጣቢው ድሬሰር ብብቴን ጫን ጫን አድርጎ፣ ቆርቆሮ የቆረጠውን ጣቴን አየ። «ጣትሽ መግል ይዟል። ጀርሙን ሊወጉ የሰውነትሽ ወታደሮች ብብትሽ ሥር ተሰብስበዋል፤ ሲያሸንፉ ይበተናሉ።»

«አትሞትም?» አሉ እማማ አስካለ።

«ኧረ አትሞትም!»

ወደኔ ዞሩ። «እንግዲያው ይቅርታዬን መልሺ! ድመቴንም!»

ፉሪ ያኔ ገጠር ነው። ሦስት ቀን በጭቃ እየተመላለስኩ «ግራጫ ድመት አይታችኋል?» ስል ዋልኩ። አንድ ገበሬ ቤት፣ ጤፍ ጆንያ ላይ ተንፈላስሳ አገኘኋት፤ ወፍራለች። ብጠራት ቧጨረችኝ።

«ከደላትማ ትቅር» አሉ እማማ አስካለ። «አንቺ ግን እስከ ፋሲካ ውሃ ትቀጂልኛለሽ።» እብጠቱ መጥፋቱን ያስተዋልኩት እንስራ ስሸከም ነው።

ይህን ስነግራት ልጄ በሳቅ ፍርስ አለች። ቆይታ ግን «እማዬ፣ የኔስ እንዲሁ ይሆን?» አለችኝ።

ከእብጠቷ ናሙና ከተወሰደ ቀናት አልፈዋል፤ ውጤቱ ገና ነው። የኔ እብጠት ጠባቂዎቼ የነቁበት ነበር፤ የሷ ያልነቁበት ሊሆን ይችላል። «አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት። ሐኪሙ የተኙትን ጠባቂዎች የሚቀሰቅስ መድኃኒት እንዳለ ነግሮናል። ውጤቱ እስኪመጣ፣ በእጄ ልቀሰቅሳቸው የምችል ይመስል፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጀርባዋን እዳብሳለሁ።