የሺ የጨረሰችው ተረት

ልጅ ሳለሁ ሐሙስ ማታ እንደ ሌላው ማታ አልነበረም። በማግስቱ የአርብ ገበያ ነው፤ ቤታችን ደግሞ ከከብት ተራው ትንሽ ከፍ ብሎ ስለነበር፣ ከየገጠሩ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ አህያውን ግቢያችን አስሮ፣ ጭነቱን ደጃፋችን አራግፎ፣ ከእኛው ጋር ራቱን በልቶ ያድር ነበር። የቤቱ እመቤት አያቴ ነበረች። ስሟ ሌላ ነው፤ ልጆቿም የልጅ ልጆቿም ጎረቤቱም ግን «እታለም» ነበር የሚሏት። እታለም ማን የት እንደሚተኛ፣ ማን ከማን ጋር ተኮራርፎ ጎን ለጎን መተኛት እንደሌለበት፣ የማን ልጅ ወተት እንደማይወድ ሳትጠይቅ ታውቃለች። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ስትመላለስ ውላ፣ ሰው ሁሉ ጠግቦ እጁን ከታጠበ በኋላ ነበር ለራሷ የምትቀምሰው።

ከዚያ ምድጃው አጠገብ ትቀመጥና ሰፌዷን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። ለነገ የጾም ወጥ ምስሩ መለቀም አለበት። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ኩራዙ ጥላችንን ግድግዳው ላይ እያረዘመው፣ እኛ ልጆቹ ቆዳው ላይ ተደራርበን ፍሙን እያየን ስንጠብቅ፣ ያኔ ነው ተረት የሚጀመረው። ጣቶቿ ጠጠሩን ከምስሩ ሲለዩ፣ አፏ ጦጣና ቀበሮ ያናግር ነበር።

ምን ልበላችሁ፣ የእታለም ተረት እንዲሁ ተረት ብቻ አልነበረም። አያቴ ሰውን ፊት ለፊት አትቆጣም። ሳምንቱን ሙሉ ያየችውን ጥፋት ይዛ ትቆይና ሐሙስ ማታ ለአንዱ እንስሳ ታሸክመዋለች። አንድ ቀን እኔ ጓዳ ገብቼ ማር ስልስ ውዬ፣ ማታ ጣቱን የሚልስ ጦጣ ብቅ አለ፤ ተረቱ እስኪያልቅ እጄን ብብቴ ውስጥ ደብቄ ቆየሁ። እንስሳው እገሌ ነው ተብሎ አይጠራም። የነካው ሰው ዝም ብሎ ይሰማል፣ ሌላው እንዳልገባው ይሆናል፣ ጧት ነገሩ ተስተካክሎ ይገኛል። በተረቷ መሀል የሚገባም የለም። ለእኛ የሚፈቀድልን «እህ» እያሉ መከተል ነው። ዝም ካልናት ትቆምና «ተኛችሁ እንዴ፣ እናንተ ጆንያ ሁላ» ትለናለች።

አንድ ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ የአጎቴ የማንደፍሮ ሚስት የሺ ልጇን አዝላ፣ ልብሷን ጠቅልላ መጣች። አባቷ ለጎጆ መውጫ የሰጧት አንዲት ላም ነበረቻት። የሺ ለቅሶ በሄደችበት ሰሞን አጎቴ ያቺን ላም ሸጦ በቅሎ ገዛባት። ሰርግ ላይ በበቅሎ መታየት አምሮት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ስትመለስ በላሟ ቦታ ባለ ቀይ ዘርፍ ኮርቻ የተጫነች በቅሎ ቆማ አገኘች። ሰው ሁሉ አባቷ ቤት ትሄዳለች ሲል እሷ አማቷ ቤት መጣች።

«የእርስዎን ልጅ ነገር ለእርስዎ ነው የምነግር» አለቻት።

እታለም ከጎኗ አስተኛቻት፤ ስለ ላሚቱ ግን አንድ ቃል አልወጣትም። ሐሙስን እየጠበቀች ነበር።

ሐሙስ ማታ አጎቴ በበቅሎው ከች አለ። ነገር የማያልቅበት የሩቅ ዘመዳችን አያ በላይ ደጃፍ ላይ ተቀበለው።

«ማንደፍሮ፣ የዘንድሮዋ ላምህ ጆሮዋ ረዘመ ልበል? ትታለባለች?»

«እርስዎ ደግሞ ይተዉኝ እስቲ፣ አያ በላይ» ብሎ አጎቴ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

የሺ ልጇን አቅፋ ከምድጃው ወዲያ ተቀምጣለች። አጎቴ በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እታለም ሰፌዷን ሳብ አደረገችና ጀመረች። ባልና ሚስት ዋኖሶች፣ የዱር እርግቦች፣ ነበሩ አለች። ሚስቲቱ ከእናቷ ዘንድ ባመጣችው ለስላሳ ሣር ጎጆ ሠሩ። ባልዮው አንድ ቀን አውራ ዶሮ አየና ጅራቱ አማረው። ሚስቱ ውሃ ልትጠጣ ወንዝ በወረደችበት ሣሩን ለአውራ ዶሮው ሰጥቶ ረጃጅም ላባ ተቀበለ፤ ኋላው ላይ ሰክቶ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ይንጎራደድ ጀመር። አያ በላይ ሳቁን በጋቢው አፈነው። አጎቴ የጫማውን ጭቃ በስንጥር ይፍቅ ያዘ። ሚስቲቱ ስትመለስ ጎጆው ባዶ ነው። በርራ ሄዳ አንዲት አሮጊት ዋኖስ ያለችበት ዋርካ ላይ አረፈች።

«አሮጊቷም አለቻት» ብላ ቀጠለች እታለም፣ «ልጄ፣ ጎጆ የሚሠራው በሁለት መንቁር ነው። ባልሽ ቂል ቢሆን ቂልነት በዝናብ ይታጠባል። ሂጂ ግቢ። ሚስቲቱም ቃሏን አክብራ ተነሥታ…»

«አልተነሣችም።»

የሺ ነበረች። ከመጣች ጀምሮ ድምጿ ከሹክሹክታ ወጥቶ አያውቅም።

የእታለም ጣቶች ምስሩ ላይ ቆሙ። በዚያ ቤት ተረት ያቋረጠ ሰው አላየሁም፤ ምራት አማቷን ስታቋርጥማ ጭራሽ። አጎቴ «አንቺ!» ብሎ ሊነሣ ሲል፣ እታለም ቀና ሳትል እጇን ዘርግታ አስቀመጠችው። ያኔ ልጅ ብሆንም የነገሩ ክብደት ገብቶኛል። የሺ እንቢ ካለች የአጎቴ ትዳር ሊፈርስ ነው፤ አያቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የደከመችው የልጆቿ ጎጆ እንዳይፈርስ ነበር።

እታለም ወደ የሺ ዞረች። ከዚያ «እህ» አለች።

የእኛ ቃል ነበረች። ከእሷ አፍ ሰምተናት አናውቅም።

የሺ ልጇን ወደ ሌላው ጉልበቷ አዛወረች። «ዋኖሲቱ አሮጊቷን እንዲህ አለቻት። እኔ ባሌን አልጠላሁትም። ጅራት ያምረዋል፣ ቢያምረው ግድ የለኝም። ሣሩ ግን የእናቴ ነው። ጠይቆኝ ቢሆን እኔው አንሥቼ እሰጠው ይሆናል። ሳይጠይቀኝ ወሰደው። ዛሬ ዝም ብዬ ብገባ፣ ነገ እንቁላሉን ይለውጠዋል።»

«እህ።»

«ሣሩ ካልተመለሰ አልገባም አለች። ዝናቡም ይምጣ አለች።»

«አሮጊቷስ ምን አለቻት?»

«እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁ።»

እታለም አንዲት ጠጠር አንሥታ ወደ ምድጃው ወረወረች። «ዋርካው ሰፊ ነው፣ እስከፈለግሽ ተቀመጪ አለቻት» አለችና ተነሣች። «በሉ ተኙ፤ ነገ ገበያ ነው።»

ጧት አጎቴ ማንም ሳያዘው በቅሎዋን እየሳበ ወደ ከብት ተራ ወረደ። አመሻሽ ላይ በእግሩ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ አንዲት ጥቁር ጊደር እየነዳ መጣ።

«የድሮዋን ፈልጌ ነበር፤ የገዛት ሰው ወገዳ ድረስ ወስዷታል» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «ይቺም እርጉዝ ናት ብለውኛል።»

የሺ ጊደሯን ዞራ አየቻት፣ ሆዷን ዳበሰችው።

«እንግዲያው እስክትወልድ እዚሁ ነኝ» አለች።

አጎቴ እናቱን አየ። እታለም ግን በበረቱ በኩል እያሳየችው «ሣር ከአንተ ነው፤ በየሳምንቱ እያመጣህ ትቀልባታለህ» አለችው። ያን ክረምት ሁሉ አጎቴ ሐሙስ ሐሙስ ሸክም ሣር በራሱ ተሸክሞ ሲመጣ አያ በላይ በቀልዱ አላስቀመጠውም፤ እሱም ቀስ በቀስ አብሮ መሳቅ ጀመረ። ጊደሯ ከወለደች በኋላ የሺ ወደ ቤቷ ስትሄድ ገመዱን ራሷ ይዛ ነበር። አጎቴ ልጃቸውን በአንድ እጁ አቅፎ፣ ጥጃዋን በሌላው እየገፋ ከኋላ ተከተላት።

ከዓመታት በኋላ ያን ማታ ፈርታ እንደሆነ እታለምን ጠየቅኋት። «እንዴት አልፈራ» አለችኝ። «የልጄ ትዳር ነው። ግን ዋኖሲቱ የምትለውን ከእኔ ይልቅ የሺ ታውቀዋለች።» ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እኔ ትምህርቱን ከስምንተኛ ጥዬ መናኸሪያ ነው ያደግሁት፤ ዛሬም ደብረ ታቦር ላይ ተሳፋሪ ስጠራ፣ ከሾፌር ስከራከር፣ በአፌ እንጀራዬን እያገኘሁ እውላለሁ። የሰውን አፍ የሚያስዘጋ ብዙ አይቻለሁ። ቤቱ የራሱ፣ ቃሉ የራሱ፣ ሰሚው ሁሉ ከእሱ ጋር ሆኖ ሳለ፣ ሊሸነፍ እንደሚችል እያወቀ ዝም ብሎ የሰማ ሰው ግን ከአያቴ ሌላ አላየሁም። እንደ እሷ ልስማ ብዬ ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰላችሁ፤ ሰውዬው ገና ሁለተኛውን ቃል ሳይጨርስ ምላሴ ይቀድመኛል።